ለልጅ የመጀመሪያ ድሮን፦ ከአምስቱ ዓይነቶች የትኛውን መምረጥ ይበጃል?

ለልጁ ድሮን ሊገዛ የተነሣ ሰው በሣጥኑ ላይ በመጀመሪያ የሚያነበው የካሜራውን ጥራት፣ በአንድ ቻርጅ ስንት ደቂቃ እንደሚበርና ከሪሞቱ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል ነው። ሦስቱም ለአዋቂ ገዥ የሚጠቅሙ መለኪያዎች ሲሆኑ፣ ዕድሜው ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ለሆነ ልጅ ግን እምብዛም ቁም ነገር የላቸውም፤ እንዲያውም ሦስተኛው፣ ማለትም ርቆ የመሄድ ችሎታ፣ ለልጅ ጉድለት እንጂ ጥቅም አይደለም። ለልጅ የሚገዛ ድሮን በቅድሚያ ሊመዘን የሚገባው ሰው ቢመታ ወይም ከግድግዳ ቢጋጭ ምን ጉዳት ያደርሳል በሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ልጁ በአውራ ጣቱ የሚያደርገውን በአየር ላይ ከሚያየው ጋር አያይዞ እንዲማር ያስችለዋል ወይስ ሥራውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይሠራለታል የሚለው ነው።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም መልሳቸው ብዙ ወላጆችን ያሳስታል። በጂፒኤስ እየታገዘ አንድ ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ የሚቆም፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ራሱ የሚመለስ ድሮን ከሚንቀጠቀጠው ትንሽ መጫወቻ ይልቅ አስተማማኝ ይመስላል። እኔም በዚሁ አስተሳሰብ ለሰባት ዓመት ልጄ መጀመሪያ የገዛሁላት ይህንኑ ዓይነት ነበር። በሁለተኛው ቀን ድሮኑ ከእኛ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቆ በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሲበር፣ ልጄ ደንግጣ የመመለሻውን ቁልፍ ተጫነች። ድሮኑ እንደተሠራበት ደንብ ከመመለሱ በፊት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ከቅርንጫፎቹ ጋር ተጋጭቶም ተገልብጦ ወደቀ። ከዛፉ ሥር ሰው ባለመኖሩ የተጎዳ አልነበረም። ማሽኑ የታዘዘውን ከማድረግ በቀር ያጠፋው ነገር የለም፤ ልጄም ብትሆን የተነገራትን ቁልፍ ነው የነካችው። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ማሽኑ በራሱ የሚያውቀው ነገር ሲበዛ ክብደቱም፣ ፍጥነቱም፣ የሚሄድበት ርቀትም አብሮ እንደሚያድግ አላሰብኩም።

ክብደት፣ ፍጥነትና መከለያ

የሚንቀሳቀስ ነገር ሲጋጭ የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው በክብደቱና በፍጥነቱ ይወሰናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ይዞት የሚመጣው የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። 30 ግራም የምትመዝንና በሰከንድ 3 ሜትር የምትሄድ የቤት ውስጥ ድሮን ጉልበቷ ከ0.14 ጁል (የጉልበት መለኪያ) አያልፍም። ቴሎ በሚል ስም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 80 ግራም ድሮን አምራቹ በገለጸው ከፍተኛ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 8 ሜትር፣ ሲሄድ 2.6 ጁል ገደማ ይይዛል። የቻይናው ድሮን አምራች ዲጄአይ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው 249 ግራም የሚመዝን ማቪክ ሚኒ ደግሞ በሰከንድ 13 ሜትር ሲበር 21 ጁል ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከመጀመሪያዋ 150 እጥፍ ያህል ነው። ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት የሚያበር የለም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ሆኖም ልጅ ሲደነግጥ ጆይስቲኩን እስከ ጫፍ ስለሚገፋ፣ ስሌቱ መመሥረት ያለበት ድሮኑ ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው።

ከክብደቱ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ፕሮፔለሩ ነው። በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚሽከረከር ቀጭን ፕላስቲክ የአዋቂን የእጅ ቆዳ ሊቆርጥ ይችላል፤ ዓይን ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አንድ ሕፃን በድሮን ፕሮፔለር ተመትቶ አንድ ዓይኑን አጥቷል፤ ድሮኑን ያበር የነበረውም ልጅ ሳይሆን አዋቂ ነበር። ስለዚህ መከለያ አለው የሚለውን የሣጥን ጽሑፍ ብቻ አምኖ መግዛት አይገባም። አንዳንዱ መከለያ ፕሮፔለሩን በጎን ብቻ የሚከብ ቀለበት ስለሆነ ከግድግዳ ያድነዋል እንጂ ከላይ ወይም ከታች የሚመጣን ጣት አይከለክልም። ሌላው ከላይም ከታችም በፍርግርግ የተዘጋ ቀፎ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ባትሪው ወጥቶ እያለ የልጁን ትንሽ ጣት በፍርግርጉ ማስገባት መሞከር ይበቃል፤ የአዋቂ ጣት ያልገባበት ቀዳዳ የልጅን ጣት ሊያስገባ ይችላልና ፈተናው መደረግ ያለበት በልጁ ጣት ነው።

አምስቱ ዓይነቶች

በመጀመሪያ የሚመጡት ሪሞት የሌላቸው፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚመሩ ትንንሽ በራሪዎች ናቸው። በጎናቸውና በሆዳቸው ያለው የኢንፍራሬድ ሴንሰር እጅ ሲቀርብ ያውቅና ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሸሻል። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ደስ የሚል መጫወቻ ነው፤ ማብረር ግን አያስተምርም። እንዲያውም አንድ መጥፎ ልማድ ያስለምዳል፤ የሚሽከረከር ነገር ሲያይ እጁን እንዲዘረጋ። ከዚህ ወደ ሌላ ድሮን የሚሸጋገር ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ይህን ልማድ መተው ስለሚሆን፣ ድሮን ማብረር ይማራል ተብሎ ለታሰበ ልጅ ይህን ዓይነት አለመግዛቱን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ከ20 እስከ 50 ግራም የሚመዝን፣ አራቱም ፕሮፔለሮቹ በቀፎ ወይም በቀለበት የተከበቡ፣ ባለ ሁለት ጆይስቲክ ሪሞት ያለው የቤት ውስጥ ድሮን ነው። ካሜራ የለውም፣ ጂፒኤስ የለውም፣ በአንድ ቻርጅም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቢበር ነው። ለልጅ የመጀመሪያ ድሮን የምመርጠው ይህን ነው፤ የምመርጠውም ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ግድግዳ ሲነካ ይነጥርና ምንጣፍ ላይ ይወድቃል፤ ልጁም ያለ ፍርሃት አንሥቶ ይሞክራል። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ጊዜ ቢጥለው ሃምሳ ጊዜ ተምሯል ማለት ነው። ትልቁን ድሮን ግን አንዴ ከጣለ በኋላ ሪሞቱን ለወላጁ መልሶ ዳር ቆሞ መመልከት ይጀምራል።

የዚህ ዓይነት ድሮን ሌላው ጥቅም አሠራሩ ለልጅ ዓይን የተገለጠ መሆኑ ነው። ከአራቱ ፕሮፔለሮች በሰያፍ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቀሩት ሁለቱ ወደ ተቃራኒው ይዞራሉ፤ በዚህም አንዱ ጥንድ የሚፈጥረውን የመጠምዘዝ ኃይል ሌላው ያጠፋዋል። ወደ ፊት ለመሄድ የኋላዎቹ ሞተሮች ይፈጥናሉ፤ ባለበት ለመዞር አንዱ ጥንድ ፈጥኖ ሌላው ይዘገያል። ፕሮፔለሮቹ ሁለት ዓይነት ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ወይም ቁጥር ይታተምባቸዋል፤ ተለዋውጠው የተገጠሙ እንደሆነ ድሮኑ ሊነሣ ሲል ይገለበጣል። ልጁ የወለቀውን ፕሮፔለር በትክክለኛው ቦታ ራሱ እንዲመልስ ማድረግ፣ አዋቂው ከመነሣቱ በፊት እስካየው ድረስ፣ ከግማሽ ሰዓት ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራል።

ጉድለትም አለው፤ መታወቅ አለበት። በእነዚህ ትንንሽ ድሮኖች ውስጥ ያሉት ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ባለ ብሩሽ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከዘንጉ ጋር እየተፋተገ በሚያልቅ ብሩሽ ስለሆነ፣ በጥቂት ሰዓታት በረራ ይዳከማሉ። የፀጉርና የምንጣፍ ክር ዘንጋቸው ላይ ይጠመጠማል፤ አንድ ሞተር የዘገየ ሲመስል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ክር ነው። ከብዙ መውደቅ በኋላ ድሮኑ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ልጁን ከመቆጣት በፊት ድሮኑን ደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጦ በመመሪያው መሠረት እንደገና ማስተካከል ይገባል። ከቤት ውጭም አይሆንም፤ ለእኛ ነፋስ የማይመስለን ነፋስ 30 ግራም ይዞ ለመሄድ በቂ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከ80 እስከ 140 ግራም የሚመዝን፣ ካሜራ ያለውና ወደ ታች በሚያይ ሴንሰር ታግዞ ባለበት የሚቆም ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ቴሎ የዚህ ወገን ነው፤ አምራቹ እንደሚለው 13 ደቂቃ ይበራል፣ ስክራች በተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋም ሊታዘዝ ይችላል። ዲጄአይ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኒዮ ደግሞ 135 ግራም ሲሆን ሙሉ መከለያ አለው። ዕድሜው ከዘጠኝ በላይ ለሆነና ኮምፒዩተር ለሚወድ ልጅ ይህ ክፍል ብዙ የሚያስተምረው አለ። «አንድ ሜትር ውጣ፣ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሂድ፣ ዘጠና ዲግሪ ዙር» ብሎ ጽፎ ድሮኑ ያንኑ ሲያደርግ ማየት ከጆይስቲኩ የተለየ ትምህርት ነውና።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው ቴሎን የመሰሉት በስልክ የሚታዘዙ መሆናቸው ነው። በስልክ መስታወት ላይ የተሳለ ጆይስቲክ ለአውራ ጣት ምንም ስሜት አይሰጥም፤ ልጁ ጣቱ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይኑን ከድሮኑ አንሥቶ ስልኩን ያያል፤ የማብረር የመጀመሪያው ደንብ ደግሞ ዓይን ከድሮኑ አይነሣ የሚል ነው። ስለዚህ ከዚህ ክፍል የሚገዛ ሰው በብሉቱዝ ወይም በሌላ መንገድ የሚገናኝ እውነተኛ ሪሞት መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ኒዮን የመሰሉት ከመዳፍ ላይ የሚነሡና መዳፍ ላይ የሚያርፉ መሆናቸው ነው። ለአዋቂ ምቹ ነው፤ ልጅ ግን በኒዮ የለመደውን በሌላ፣ መከለያ በሌለው ድሮን ላይ ይደግመዋል። ገዝተውት ከሆነ መነሣቱም ማረፉም ከመሬት ይሁን። ደግሞም ወደ ታች የሚያየው ሴንሰር የሚሠራው በቂ ብርሃንና የተለያየ መልክ ያለው ወለል ሲያገኝ ነው፤ በሚያብረቀርቅ ወይም አንድ ወጥ ቀለም ባለው ወለል ላይ፣ በጨለማም፣ ድሮኑ ቦታውን ስቶ ይንሸራተታል። ልጁ የማሽኑን ስህተት የራሱ ስህተት እንዳያደርገው ይህን አስቀድሞ መንገር ይገባል።

አራተኛው ጂፒኤስ ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከ250 ግራም ጥቂት የሚያንስ የካሜራ ድሮን ነው። ስለ ጥራቱ ክርክር የለኝም፤ ክርክሬ ስለ ቦታው ነው። ይህ ድሮን ልጁ ጆይስቲኩን ሲለቅ ነፋስ ቢኖርም ባለበት ይቆማል፤ በዚህም ምክንያት ልጁ የድሮኑን መንሸራተት የማየትና የማስተካከል ችሎታ ሳያዳብር መቶ ሜትር ርቆ ያበራል። ጂፒኤሱ በሕንፃ አጠገብ ወይም በቤት ውስጥ ሲጠፋ ድሮኑ ድንገት መንሸራተት ይጀምራል፤ ልጁ ያን ጊዜ የሚያስፈልገውን ችሎታ ያኔ አያገኘውም። የመመለሻው ነገር ከላይ በዛፉ ታሪክ ተነግሯል፦ አብዛኞቹ ድሮኖች ለመመለስ ሲታዘዙ አስቀድሞ ወደ ተወሰነላቸው ከፍታ ይወጣሉ፣ ከዚያ በቀጥታ መስመር ይመጣሉ፤ በመካከል ያለውን የሚያዩት ሁሉም አይደሉም። ብዙዎቹ በዚህ ክፍል ያሉ ድሮኖች ፕሮፔለራቸው ክፍት ነው፤ ተጨማሪ መከለያ ሲገጠምላቸው ክብደታቸው ከ250 ግራም በላይ ሊሆን ስለሚችል የሚመለከታቸው ሕግ ሊለወጥ ይችላል። ለጀማሪ ልጅ ይህን ክፍል አልመክርም።

አምስተኛው ድሮን ሳይሆን በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የበረራ ሲሙሌተር ነው። እውነተኛ ሪሞት በዩኤስቢ ገመድ ተያይዞ ሲሠራበት አውራ ጣቶችን በሚገባ ያሠለጥናል፤ በተለይ የድሮኑ ፊት ወደ አብራሪው ሲዞር ግራና ቀኝ የሚገለበጠውን ነገር ያለ ኪሳራ ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ የለም። በኮምፒዩተር መዳፊት ወይም በቁልፍ ሰሌዳ ከሆነ ግን ጨዋታ ብቻ ነው። ሌላው ችግሩ ወድቆ መነሣት በአንድ ቁልፍ የሚያልቅ መሆኑ ነው፤ ልጁ መጋጨትን እንደ ተራ ነገር ያየዋል። ስለዚህ ሲሙሌተሩ ከሁለተኛው ዓይነት ድሮን ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ይጠቅማል፤ ብቻውን አይበቃም። በመነጽር ውስጥ በካሜራ እያዩ የሚያበሩትን ድሮኖች ግን በዚህ ንጽጽር አላስገባኋቸውም፤ አብራሪው ዙሪያውን ስለማያይ አጠገቡ ቆሞ ድሮኑን በዓይኑ የሚከታተል ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፣ ይህም የትንሽ ልጅ ነገር አይደለም።

በሪሞቱ ላይ ያሉ ምርጫዎች

ከአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ድሮኖችን ሲያወዳድሩ የሚለያዩት አብዛኛውን ጊዜ በሪሞታቸው ነው። ከፍታ ጠባቂ የሚባለው ሥርዓት የአየር ግፊት ለክቶ ድሮኑን በተለቀቀበት ከፍታ ያቆየዋል። ለልጅ ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የግራውን ጆይስቲክ ትቶ መጀመሪያ በቀኙ ብቻ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን መሄድን መማር ይችላልና። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ አደጋ አለ፦ እጁን ከሪሞቱ ሲያነሣ ድሮኑ ባለበት ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይጠፋም። ድሮኑ ከመጋረጃ ወይም ከፀጉር ጋር ሲያያዝ ሪሞቱን ጥሎ የሚሮጥ ልጅ ፕሮፔለሩን እየተሽከረከረ ያገኘዋል። ስለዚህ ሞተሩን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ መኖሩ፣ ካለም በልጁ ጣት የሚደረስበት መሆኑ፣ ከካሜራም ከፍጥነትም በፊት መታየት ያለበት ነገር ነው። ይህ ቁልፍ በሌላቸው ላይ የግራውን ጆይስቲክ ወደ ታች ስቦ መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ግን በወላጁ እጅ ተሞክሮ ይረጋገጥ።

ሄድለስ የሚባለውን ስልት በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አያስፈልግም። በዚህ ስልት የድሮኑ አፍንጫ ወዴትም ቢዞር ጆይስቲኩ ወደ ቀኝ ሲገፋ ድሮኑ ሲነሣ ቀኝ ወደነበረው አቅጣጫ ይሄዳል። ለአሥር ደቂቃ ያህል ቀላል ይመስላል። ልጁ ራሱ ዞሮ ሲቆም ግን ቀኝና ግራው ይዘበራረቅበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድሮን ማብረር ማለት አፍንጫው ወዴት እንደሆነ ዘወትር ማወቅ ስለሆነ፣ ይህ ስልት የሚያስቀረው ዋናውን ትምህርት ነው። በአየር ላይ በአንድ ቁልፍ መገልበጥ የሚችሉ ድሮኖችም አሉ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ቁልፉን መሸፈን ካልተቻለ ግን በቂ ከፍታ በሌለበት ክፍል ውስጥ ዘወትር ይወድቃሉ። ፍጥነቱ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ የሚወሰን ሪሞት ይመረጥ፤ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ እንዲቆይ የሚወስነውም ወላጁ ይሁን።

ዕድሜና ሕግ

በሣጥኑ ላይ «ከ14 ዓመት በላይ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ወላጆችን ግራ ያጋባል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መጫወቻ ማለት ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጨዋታ የተዘጋጀ ዕቃ ሲሆን የመጫወቻ ደኅንነት መስፈርት ማሟላት ይኖርበታል። ስለዚህ 14 የሚለው ቁጥር ዕቃው እንደ ልጅ መጫወቻ ያልተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል እንጂ ልጁ ማብረር መቻል አለመቻሉን አይናገርም። ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ድሮኖች ቀርበው አንዱ ከ8 ዓመት በላይ፣ ሌላው ከ14 ዓመት በላይ ቢል የመጀመሪያውን መውሰድ ይሻላል። የልጁን ዝግጁነት ለማወቅ እኔ የምጠቀምበት ፈተና ድሮን አያስፈልገውም፦ ልጁ እየሮጠ ሳለ «ቁም» ሲባል፣ ከአሥር ጊዜ አሥሩንም፣ ወዲያው ይቆማል ወይ? የማይቆም ከሆነ ዕድሜው ዘጠኝም ቢሆን ጥቂት ይቆይ።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚበር ድሮን 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ መመዝገብ ሲኖርበት፣ የሚያስመዘግበው ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ለመዝናኛ የሚያበር ሁሉ፣ የድሮኑ ክብደት ምንም ይሁን፣ በነጻ የሚሰጥ አጭር የደኅንነት ፈተና መውሰድ ይጠበቅበታል። በአውሮፓ ኅብረት ዝቅተኛው የአብራሪ ዕድሜ በመርሕ ደረጃ 16 ሲሆን፣ መጫወቻ ተብሎ ለተመደበ ቀላል ድሮን ይህ ገደብ አይሠራም። በእንግሊዝ ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈተና ወስዶ መለያ ቁጥር የማውጣት ግዴታ የሚጀምረው ከ100 ግራም ነው። አንዳንድ አገሮች ድሮኑ ገና ወደ አገር ሲገባ ፈቃድ ስለሚጠይቁ፣ ከሌላ አገር ለማስመጣት ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት የአገሩን የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ መጫወቻ ነው ተብሎ ጉምሩክ ላይ የሚያዝ ዕቃ ብዙ ነው። ከሁለተኛው ዓይነት የሆነ፣ ካሜራ የሌለው ድሮን በቤት ውስጥ ሲበር ከእነዚህ ጥያቄዎች ከአብዛኞቹ ነጻ መሆኑም ለምርጫዬ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ባትሪው

የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በተደጋጋሚ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ያበጠ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል እንደገና ቻርጅ አይደረግም። በትንንሾቹ ድሮኖች ባትሪው በቀጭን ገመድና በጥቃቅን ሶኬት ስለሚሰካ የልጅ እጅ ገመዱን በቀላሉ ይነቅለዋል፤ እንደ ቴሎ ባሉት ግን በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ሆኖ እንደ መሳቢያ ስለሚገባ በዚህ ረገድ ብልጫው የሦስተኛው ዓይነት ነው። የሁለተኛውን ዓይነት የሚገዛ ሰው ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ባትሪ የመሰካቱንም ቻርጅ የማድረጉንም ሥራ ለራሱ በመያዝ ነው። ከበረራ የመጣ ትኩስ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ ቻርጅ ሲደረግም ሰው ባለበት፣ በማይቃጠል ነገር ላይ ይሁን። ሁለት ተጨማሪ ባትሪ መግዛት ይበቃል፤ ከሦስት ባትሪ በላይ ማብረር የልጁን ትኩረት ከጨረሰ በኋላ መቀጠል ነው።

ትምህርቱ በየትኛው ድሮን እንዴት ይሄዳል?

የመጀመሪያው ትምህርት ያለ ባትሪ ነው። ልጁ ድሮኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ ወላጁ ጆይስቲኩን ሲገፋ፣ ድሮኑን ወደ ተገፋው አቅጣጫ በእጁ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ ሥራ ይለዋወጣሉ። ሁለተኛው ትምህርት ማጥፋት ነው፤ ድሮኑ መሬት ላይ ቆሞ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል፣ ወላጁ «አጥፋ» ሲል ልጁ ያጠፋል፣ ይህም ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ይደጋገማል። እነዚህ ሁለቱ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓይነት ድሮን ይሠራሉ። በስልክ በሚታዘዙት ግን ማጥፊያው አብዛኛውን ጊዜ በመተግበሪያው ውስጥ ስለሆነ ፍጥነቱ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ልጁ ከድሮኑ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቆሞ፣ የድሮኑ ጀርባ ወደ እሱ ሆኖ፣ አስነሥቶ በልጁ ወገብ ቁመት ለአሥር ሰከንድ ያቆያል፣ ያሳርፋል። ከዓይኑ ቁመት በታች ማብረር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይጣስ ደንብ ይሁን። ረጅም ፀጉር ይታሰር፤ ልጁም አጠገቡ ያለውም ሰው የዓይን መከላከያ መነጽር ቢያደርግ መልካም ነው። ትንንሽ ወንድሞችና እህቶች፣ ድመትና ውሻም፣ ከክፍሉ ይውጡ። ሌላው ዘመድ ከዳር ሆኖ «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ቀኝ!» እያለ የሚጮኽበት በረራ መጨረሻው ግድግዳ ነውና፣ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ወላጁ ከልጁ ጀርባ ሆኖ ጣቶቹን በልጁ ጣቶች ላይ ጭኖ ማብረሩን ግን አልደግፍም፤ ልጁ የትኛው ግፊት የማን እንደሆነ አያውቅም። ይልቁንም ወላጁ ሪሞቱን በራሱ እጅ ተቀብሎ አንዴ ያሳየው፣ መልሶም ይስጠው።

ቀጥ ብሎ መቆምን የቻለ ልጅ በወለሉ ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ማሳረፍን፣ ከዚያ አራት ማዕዘን መሄድን፣ ከዚያም ድሮኑን ጎኑን አዙሮ ማብረርን ይማራል። በጣም የሚከብደው የድሮኑ ፊት ወደ ልጁ ሲሆን ያለው በረራ ነው፤ ያን ጊዜ ቀኝ ግራ ይሆናል። ሲሙሌተር ካለ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ከሌለም ድሮኑ ወደ ወደቀበት ጎን ጆይስቲኩን መግፋት የሚለውን ዘዴ መንገር ይረዳል። ድሮኑ ፊቱን ወደ ልጁ አድርጎ ወደ ልጁ ግራ እየሄደ ከሆነ፣ ጆይስቲኩም ወደ ግራ ሲገፋ ድሮኑ ይመለሳል፤ የዘነበለውን ወገን በጆይስቲኩ ደግፎ እንደማቅናት ማለት ነው።

ልጁ ድሮኑን ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮ ለአንድ ሙሉ ባትሪ ያለ ግጭት ካበረረ፣ «አጥፋ» ሲባል በግማሽ በረራ ላይም ሳይከራከር ካጠፋ፣ ባትሪው ሲደክም ሳይነገረው ካሳረፈ፣ ወደ ሦስተኛው ዓይነት ለመሻገር ደርሷል። ወደ አራተኛው ለመሻገር ደግሞ ነፋስ በሌለበት ሜዳ ላይ በሦስተኛው ዓይነት ጥቂት ወራት ቢቆይ መልካም ነው። እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ድሮንም ልጄ እዚያ እስክትደርስ ባትሪው በግማሽ ቻርጅ፣ በአንድ ሴል 3.8 ቮልት ገደማ ሆኖ፣ እጇ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።